አጥንቱና አፈሩ፦ ሉዊስ ሊኪ እና የሰው ዘር አመጣጥ ጥናት

መግቢያ

የሰው ዘር መነሻ አፍሪካ ናት የሚለው ሐሳብ ዛሬ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሳይቀር የሚገኝ የታወቀ ነገር ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ሐሳቡን የሚቀበሉ ሊቃውንት ጥቂቶች ነበሩ። ይህ አመለካከት እንዲለወጥ ካደረጉት ተመራማሪዎች መካከል በኬንያ ተወልደው ያደጉት ሉዊስ ሊኪ ግንባር ቀደም ናቸው። ስማቸው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በታንዛንያ በኦልዱቫይ ሸለቆ የተገኘው የራስ ቅል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የእኒህን ሰው ሕይወት የሚመለከተው ከአንድ የምርምር ጥያቄ አንጻር ነው። ጥያቄውም አንድ ቅሪተ አካል ለታሪክ ምስክር ሊሆን የሚችለው መቼ ነው የሚለው ነው። ሊኪ መልሱን በወጣትነታቸው በከባድ ዋጋ ተማሩት፤ በጎልማሳነታቸው ፍሬውን አገኙበት፤ በስተርጅና ደግሞ የዘነጉት ይመስላል። የኦሞ ሸለቆ ጥናትም የዚሁ ታሪክ አካል በመሆኑ ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሊኪ የተወለዱት ኦገስት 7 ቀን 1903 ከናይሮቢ አቅራቢያ በምትገኘው በካቤቴ ነው። ወላጆቻቸው ከእንግሊዝ የመጡ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ነበሩ። ሕፃኑ ከኪኩዩ ልጆች ጋር አብሮ በማደጉ የኪኩዩን ቋንቋ እንደ እናቱ ቋንቋ ይናገር ነበር፤ ከእኩዮቹም ጋር የማኅበረሰቡን የጉልምስና ሥርዓት ፈጽሟል። ሊኪ በኋላ ዘመናቸው ስለ ኪኩዩ ባህል ሰፊ ጥናት ለማዘጋጀት የቻሉት በዚህ አስተዳደግ ምክንያት ነው።

ገና በልጅነታቸው ከእንግሊዝ አገር ስለ ጥንታዊ ሰዎች ኑሮ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ በስጦታ ደረሳቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቤታቸው ዙሪያ የሚገኘውን የባልጩት ስባሪ መልቀም ጀመሩ። ባልጩት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ላሉ ሕዝቦች እንግዳ ነገር አይደለም፤ በእኛም አገር ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ሲገለገሉበት ኖረዋል። የልጁ ቤተሰቦች ግን ስብስቡን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ስባሪዎቹ በእርግጥ የጥንት ሰዎች ሥራ መሆናቸውን ያረጋገጡላቸው የናይሮቢ ሙዚየም ኃላፊ አርተር ላቭሪጅ ነበሩ። የሊኪ የሕይወት አቅጣጫ የተወሰነው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

በ1922 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በሁለተኛው ዓመት የራግቢ ጨዋታ ላይ በራሳቸው ላይ በደረሰ ጉዳት ብርቱ ራስ ምታት ስለያዛቸው ትምህርታቸውን ለጊዜው እንዲያቋርጡ ሐኪም አዘዘ። ይህ ዕረፍት ለሙያቸው በጀ። በ1924 የብሪቲሽ ሙዚየም ወደ ታንጋኒካ በላከው የዳይኖሰር ቅሪተ አካል ፍለጋ ውስጥ ተካፍለው የቁፋሮን ሥራ በተግባር ተማሩ። ተመልሰውም በ1926 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ።

በዚያ ዘመን የሰው ዘር መነሻ እስያ ናት የሚለው አስተያየት ገኖ ነበር። ለዚህም ዋናው ማስረጃ ዩጂን ዱቧ በ1891 በጃቫ ደሴት ያገኙት ቅሪተ አካል ሲሆን በ1920ዎቹ ደግሞ ከቤጂንግ አቅራቢያ የተገኙት ታከሉበት። ሬይመንድ ዳርት በ1925 ከደቡብ አፍሪካ ይፋ ያደረጉትን የታውንግ ሕፃን የራስ ቅል አብዛኞቹ ሊቃውንት የዝንጀሮ ዘመድ ነው ብለው ገፍተውታል። ወጣቱ ሊኪ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመልሰው ቁፋሮ ለመጀመር ሲወስኑ ከዘመኑ አስተሳሰብ በተቃራኒ መቆማቸው ነበር።

የካናም መንጋጋ

ሊኪ ከ1926 ጀምሮ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ተከታታይ ቁፋሮዎችን አካሄዱ። በ1931 ደግሞ ጀርመናዊውን የሥነ ምድር ሊቅ ሃንስ ሬክን ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦልዱቫይ ተጓዙ። ሬክ በ1913 በዚሁ ሸለቆ ውስጥ አንድ ሙሉ የሰው አጽም አግኝተው ነበር። አጽሙ በጣም ጥንታዊ ከሆነ ንብርብር ውስጥ በመገኘቱ የዚያው ዘመን ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሊኪም በስፍራው ተገኝተው ካዩ በኋላ ተስማሙ። ዳሩ ግን በአጽሙ ዙሪያ የነበረው አፈር ሲመረመር ሰውየው ብዙ ዘግይቶ በጥንታዊው ንብርብር ውስጥ የተቀበረ መሆኑ ታወቀ። ኋላ በተደረገ ምርመራ ዕድሜው ሃያ ሺህ ዓመት እንኳ እንደማይሞላ ተረጋግጧል።

በዚህ ላይ የሙያውን መሠረታዊ መርሕ ማስታወስ ይገባል። ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ በየዘመናቱ እየተነባበሩ ሲሄዱ፣ ሳይናወጡ እስከቆዩ ድረስ፣ የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል። በንብርብሩ ውስጥ የተገኘ አጥንትም የንብርብሩን ዕድሜ ይወስዳል። ነገር ግን መቃብር ሲቆፈር፣ ጎርፍ ሲሸረሽር፣ መሬት ሲንሸራተት ወይም አውሬ ጉድጓድ ሲምስ የቅርብ ዘመን አጥንት ከጥንቱ አፈር ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ አጥንቱ የተገኘበት ስፍራ በትክክል ካልተመዘገበና ሌላ ተመራማሪ ተመልሶ ሊመረምረው ካልቻለ ግኝቱ ለክርክር የተጋለጠ ይሆናል።

ማርች 29 ቀን 1932 ከሊኪ የቁፋሮ ሠራተኞች አንዱ የሆኑት ጁማ ጊታው በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው በካናም የሰው መንጋጋ ስባሪ አገኙ። በአቅራቢያው በምትገኘው በካንጄራም የራስ ቅል ስባሪዎች ተገኙ። ሊኪ የካናም መንጋጋ እጅግ ጥንታዊ ከሆነ ደለል እንደወጣና የዛሬው ሰው ቀጥተኛ አባት እንደሆነ አወጁ። በ1933 በካምብሪጅ የተሰበሰቡ ሊቃውንትም ማስረጃውን ተቀበሉት። የሠላሳ ዓመቱ ተመራማሪ ዝና አገኙ።

ዝናው ግን ብዙ አልቆየም። ጥርጣሬ ያደረባቸው የሥነ ምድር ፕሮፌሰር ፐርሲ ቦስዌል ስፍራውን በዓይናቸው ለማየት በ1935 መጀመሪያ ወደ ኬንያ መጡ። ሊኪ መንጋጋው የወጣበትን ቦታ ሊያሳዩአቸው አልቻሉም። ለምልክት የተከሏቸውን የብረት ካስማዎች የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ነቅለው ለራሳቸው መገልገያ አውለዋቸው ነበር። ሊኪ በራሳቸው ካሜራ ያነሡት ፎቶግራፍ ተበላሽቶ ስለነበረ በምትኩ በሌላ ሰው የተነሣ ሥዕል አቅርበው ነበር፤ እርሱም የሌላ ቦታ ሥዕል ሆኖ ተገኘ። ቦስዌል ያዩትን ሁሉ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። በኋላም መንጋጋው ላይ የዛሬ ሰው አገጭ የመሰለው ክፍል በበሽታ የተፈጠረ እብጠት እንደሆነ ተገለጠ።

በዚሁ ጊዜ ሊኪ የመጀመሪያ ሚስታቸውን ፍሪዳን ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ትተው ሜሪ ኒኮል ከተባሉት ወጣት ሠዓሊና የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ጋር መኖር ጀመሩ፤ በ1936 መጨረሻም ተጋቡ። በወቅቱ በነበረው ማኅበራዊ ሥርዓት ይህ ከባድ ነውር ነበር። በካናም ጉዳይ የደረሰው ውርደት ከዚህ ጋር ተደርቦ በካምብሪጅ የመምህርነት ተስፋቸውን ዘጋው።

ሜሪ ሊኪ እና አዲሱ የአሠራር ሥርዓት

ከዚህ በኋላ በሊኪ ሥራ ላይ የታየው ለውጥ ያለ ሜሪ ሊታሰብ አይችልም። ባልየው ፈጣን፣ ተናጋሪና ለትልልቅ መደምደሚያዎች የሚቸኩሉ ሲሆኑ ሚስትየው ዝምተኛ፣ ታጋሽና እያንዳንዷን ድንጋይ ከነቦታዋ በሥዕል የሚመዘግቡ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ከናይሮቢ በስተ ደቡብ ምዕራብ በኦሎርጌሳይሊ እጅግ ብዙ የእጅ መጥረቢያ የተባሉ የድንጋይ መሣሪያዎች መሬት ላይ ተበትነው አገኙ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሳይለቀሙ የጥንት ሰዎች በጣሏቸው ስፍራ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ስፍራውም በ1947 ለጎብኚዎች ተከፈተ። በካናም ቦታው ጠፍቶ አጥንቱ ብቻውን ቀርቶ ነበር፤ በኦሎርጌሳይሊ ቦታው ራሱ ዋና ማስረጃ ሆነ።

ሊኪ በጦርነቱ ጊዜ በናይሮቢ የሚገኘውን የኮሪንደን ሙዚየም በኃላፊነት ይመሩ ጀመር። በ1947 በዚያው ከተማ የመጀመሪያውን የመላ አፍሪካ የቅድመ ታሪክ ጉባኤ አዘጋጁ። በ1948 ሜሪ በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው በሩሲንጋ ደሴት ፕሮኮንሱል የተባለውን ጥንታዊ ጦጣ መሰል ፍጡር የራስ ቅል አገኙ።

የሊኪ ሕይወት ከቅኝ አገዛዝ ፖለቲካም የራቀ አልነበረም። በማው ማው ትግል ዘመን ከእንግሊዝ መንግሥት ጎን ቆሙ፤ ጆሞ ኬንያታ በካፔንጉሪያ ለፍርድ በቀረቡ ጊዜም በአስተርጓሚነት አገልግለዋል። የኪኩዩ ልጅ ነኝ ይሉ የነበሩት ሰው በዚያ ችሎት ከከሳሹ ወገን መታየታቸው ሕይወታቸውን ለሚያጠና ሁሉ ሊታለፍ የማይገባው ነጥብ ነው።

ኦልዱቫይ 1959

ጁላይ 17 ቀን 1959 ሊኪ ታመው በድንኳን ተኝተው ነበር። ሜሪ ብቻቸውን ሸለቆውን ሲያስሱ ከንብርብሮቹ ሁሉ በታችኛው ላይ ከአፈሩ ብቅ ያለ አጥንትና ትልልቅ ጥርሶች ተመለከቱ። ቀጥሎ የተደረገው ነገር የካናም ትምህርት ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። ባልና ሚስቱ አጥንቱን ወዲያው ማውጣት ትተው የቁፋሮውን ሂደት በፊልም የሚቀርጽ ባለሙያ እስኪደርስ ቀናት ጠበቁ። የራስ ቅሉ በነበረበት ቦታ ሳለ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ በወንፊት ተነፍቶ ስባሪዎቹ አንድ በአንድ ተለቀሙ። ግኝቱ ዚንጃንትሮፐስ ቦይሰይ የሚል ስም ተሰጠው። በዙሪያው በሰው እጅ የተጠረቡ ድንጋዮችና የእንስሳት አጥንቶች ስለነበሩ ሊኪ የመሣሪያዎቹ ሠሪ ይኸው ፍጡር ነው ብለው ተቻኩለው ደመደሙ።

ሊኪ የራስ ቅሉን ዕድሜ በግምት ስድስት መቶ ሺህ ዓመት አድርገውት ነበር። ቁርጡን የተናገረው በላዩ የነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ባሉ ማዕድናት የሚገኘው ፖታሲየም 40 የተባለው ንጥረ ነገር እጅግ በዝግታ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ በቀለጠው ድንጋይ ውስጥ የነበረው ጋዝ ስለሚያመልጥ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ በማዕድኑ ውስጥ የተጠራቀመውን የአርገን መጠን በመለካት ፍንዳታው የደረሰበትን ዘመን ማወቅ ይቻላል። ጃክ ኤቨርንደንና ጋርኒስ ከርቲስ የተባሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ያገኙትን ውጤት ከሊኪ ጋር ሆነው በ1961 ይፋ አደረጉ። ዕድሜው 1.75 ሚሊዮን ዓመት ሆነ። ይህ ከሊኪ ግምት ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሲሆን ብዙዎቹ ሊቃውንት ለሰው ልጅ አመጣጥ ሰጥተውት የነበረውን ጊዜ በእጅጉ አራዘመው።

በዚያው ሸለቆ በ1960 ልጃቸው ጆናታን ትልቅ አንጎል የነበረውን የሌላ ፍጡር ቅሪት አገኘ። ሊኪ፣ ፊሊፕ ቶባያስና ጆን ኔፒየር በ1964 ሆሞ ሃቢሊስ ብለው ሰየሙት፤ የድንጋይ መሣሪያዎቹም ሥራ ለእርሱ ተሰጠ። አጥንት የጥንቱን ፍጡር ጠባይ ሙሉ በሙሉ ሊናገር እንደማይችል የተገነዘቡት ሊኪ፣ ታላላቅ ጦጣ መሰል እንስሳትን በተፈጥሮ ቦታቸው የሚያጠኑ ወጣት ሴቶችንም አሰማርተዋል። ጄን ጉዳል ቺምፓንዚን፣ ዳያን ፎሲ ጎሪላን፣ ቢሩቴ ጋልዲካስ ኦራንጉታንን ያጠኑት በእርሳቸው አነሣሽነት ነው።

ወደ ኦሞ የወሰደው ጥያቄ

በ1960ዎቹ አጋማሽ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ኬንያ በመጡ ጊዜ ከሊኪ ጋር ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲህ ያሉ ቅርሶች በኬንያና በታንዛንያ ሲገኙ በኢትዮጵያ ያልተገኙት ለምን እንደሆነ ጠየቁ። ሊኪ በኢትዮጵያም እንደሚገኙ፣ ለፍለጋው የሚያስፈልገው ፈቃድ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። ከዚህ በኋላ በ1967 የኢትዮጵያ መንግሥት በሰጠው ፈቃድ ዓለም አቀፉ የኦሞ የምርምር ጉዞ ተጀመረ። የፈረንሳዩን ቡድን ካሚል አራምቡርግ መሩት፤ እርሳቸው በኦሞ የመጀመሪያ ጥናታቸውን ያካሄዱት ሊኪ በካናም በነበሩበት በ1932 እና በ1933 ነበር። የአሜሪካውን ቡድን ክላርክ ሃውል መሩት። የሊኪ ጤና ስለታወከ የኬንያው ቡድን መሪነት ለልጃቸው ለሪቻርድ ተሰጠ።

የኬንያው ቡድን በኪቢሽ አካባቢ የዛሬውን ሰው የሚመስሉ ቅሪተ አካሎች አገኘ፤ እነዚህም ኦሞ 1 እና ኦሞ 2 ተብለው ይታወቃሉ። የሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ሥራ በሹንጉራ ንብርብሮች ላይ አተኮረ። በዚያ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ዘመን በደለልና በእሳተ ገሞራ አመድ ተራ በተራ ተጽፎ ይገኛል። በእያንዳንዱ ንብርብር ውስጥ ያሉት የከርከሮ ጥርሶች ከዘመን ወደ ዘመን የሚያሳዩት ለውጥ ለሌሎች ስፍራዎች ዕድሜ ማመሳከሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

የመጨረሻ ዓመታት

በእነዚሁ ዓመታት ሊኪ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በካሊኮ በሚካሄድ ቁፋሮ ላይ ተጠመዱ። በዚያ የተገኙት ስባሪ ድንጋዮች የሰው ልጅ ወደ አሜሪካ የገባው ሁሉም ከሚያምነው እጅግ ቀድሞ መሆኑን ያሳያሉ ብለው ተከራከሩ። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ግን ድንጋዮቹ በተፈጥሮ ኃይል የተሰባበሩ ናቸው አሉ። ሜሪም አልተቀበሉትም፤ ይህም የባልና ሚስቱን መራራቅ ካባባሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

በ1972 በቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ ዳርቻ የሪቻርድ ቡድን አባል በርናርድ ንጌኔዎ ቁጥር 1470 የተሰጠውን የራስ ቅል አገኙ። በላዩ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ በጊዜው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ተለክቶ ነበር። ሪቻርድ የራስ ቅሉን ለአባቱ አሳየ። የሆሞ ዝርያ እጅግ ጥንታዊ ነው ብለው ዕድሜ ልካቸውን ለተከራከሩት ሰው ይህ ታላቅ ደስታ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኦክቶበር 1 ቀን 1972 በለንደን በልብ ሕመም ዐረፉ፤ በኬንያም በሊሙሩ ተቀበሩ።

የመጨረሻው ደስታቸው ግን በዚያው መልኩ አልጸናም። ከአመዱ በታች የተገኙት የከርከሮ ቅሪቶች ከኦሞ ከርከሮዎች ጋር ሲነጻጸሩ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ የማይበልጡ ሆኑ። ከዓመታት ክርክር በኋላ የአመዱ ዕድሜ እንደገና ተለክቶ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ ጸደቀ። ስሕተቱን ያረሙት ሊኪ እንዲጠኑ መንገድ የከፈቱላቸው የኦሞ ንብርብሮች ናቸው።

ማጠቃለያ

የሊኪን ሕይወት በግኝቶቻቸው ብዛት ብቻ መመዘን ጎዶሎ ይሆናል። ብዙ መደምደሚያዎቻቸው ተሽረዋል፤ ከቀሩት ሁሉ የጸናው በትክክል በተመዘገበ ስፍራ ላይ የቆመው ነው። ለዚህ ከኪቢሽ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ተመራማሪዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ወደዚያ ሲመለሱ በ1967 የተነሡትን ፎቶግራፎችና ፊልሞች እየተመለከቱ ኦሞ 1 የወጣበትን ቦታ ለይተው አገኙት። በስፍራውም ከቀድሞዎቹ አጥንቶች ጋር የሚገጣጠሙ ስባሪዎችን ለቀሙ። መጀመሪያ 130 ሺህ ዓመት ገደማ ተብሎ የነበረው የኦሞ 1 ዕድሜ በ2005 ወደ 195 ሺህ፣ በ2022 ደግሞ ወደ 230 ሺህ ዓመት ገደማ ከፍ ብሏል። በካናም ካስማው በመነቀሉ ጥያቄው ከነመልሱ ጠፋ። በኪቢሽ ቦታው በመታወቁ እያንዳንዱ ትውልድ በተሻለ መሣሪያ እየተመለሰ ሊጠይቀው ችሏል። በኦሞም ሆነ በአፋር በረሃ በቁፋሮ ሥራ ለሚሠማሩ የዛሬ ተማሪዎች የሊኪ ሕይወት የሚያስተላልፈው ትምህርት ይኸው ነው፤ አጥንቱን ከማንሣት በፊት አፈሩን ማንበብ፣ ያነበቡትንም በኋላ የሚመጣ ሰው ሊመረምረው በሚችል መልክ መዝግቦ መተው።